ክትፎው፣ ቴርሞሜትሩና በሩ ላይ የተለጠፈው ፊት

ሲያትል ውስጥ የጤና ተቆጣጣሪ ወደ ምግብ ቤት ሲመጣ ቀጠሮ አይዝም። ምሳ ሰዓት ሲጋመስ፣ ሽሮው በምድጃ ላይ እየተንተከተከ፣ አስተናጋጁ ትሪ በትሪ ደራርቦ ሲጣደፍ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት በፊት ለፊቱ በር ትገባለች። በሐበሻ ምግብ ቤቶች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ማጀት ይደርሳል፤ «ሄልዝ ዲፓርትመንት መጥተዋል!» ድስት ይከደናል፣ ፎጣ ይነሳል፣ ጓንት ይፈለጋል። እሷ ግን ከሁሉ በፊት እጇን ትታጠባለች። ለራሷ ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ውኃው ሞቆ መምጣቱን፣ ሳሙናና የእጅ ማድረቂያ ወረቀት በቦታቸው መኖራቸውን በዚያው ታያለች። መታጠቢያው የደረቀ፣ ወይም ድስት የታጨቀበት ከሆነ፣ የቀረው ማጀት ምን እንደሚመስል ግማሹን አወቀች ማለት ነው።

ከዚያ መርፌ የመሰለ ቀጭን ቴርሞሜትር ታወጣለች። ምስር ወጡ ውስጥ፣ አይቡ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ባለው ጥሬ ሥጋ ውስጥ ትሰካዋለች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፍ በአልኮል ትጠርገዋለች። የምትፈልገው ሁለት ቁጥር ነው። በቀዝቃዛ የሚቀመጠው ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፣ ትኩሱ ደግሞ ከ57 መውረድ የለበትም። በሁለቱ መካከል ባክቴሪያ ይራባል።

ጥግ ላይ ክዳኑ በትንሹ ገርበብ ያለ ትልቅ ባልዲ ታያለች። ውስጡ ያለው ሊጥ ላዩ ላይ ውኃ አቅርሯል፣ አረፋ ይተፋል።

«እትዬ፣ ይሄ መቼ ነው የተቦካው ትላለች» ይላል ለማስተርጎም የተጠራው ወጣት አስተናጋጅ።

«ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው በላት» ትላለች ጋጋሪዋ።

ሦስት ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ እርጥብ ሊጥ፣ የምግብ ደንቡን ላይ ላዩን ላነበበ ሰው ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚሄድ ነገር ነው። ይህን የመሰለ ንግግር በውጭ አገር ባለ የሐበሻ ማጀት ሁሉ እንግዳ አይደለም። መልሱ ግን በአንዲት ቁራጭ የአሲድ መለኪያ ወረቀት ይገኛል። እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ስኳሩን ወደ አሲድ ሲለውጡ የሊጡ ፒኤች እየወረደ ይሄዳል፤ በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ 4 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይደርሳል። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ደግሞ ያልታሸገ ምግብ ፒኤቹ ከ4.2 በታች ከሆነ ማቀዝቀዣ እንዲገባ አያስገድድም፤ ሰውን የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች በዚያ ኮምጣጣ ቤት መራባት ስለማይችሉ ነው። ስለዚህ ሥራዋን የምታውቅ ተቆጣጣሪ ወረቀቷን ነክራ፣ ቁጥሩን መዝግባ ታልፋለች። የእናቶቻችን አፍንጫ ቡኮው መድረሱን የሚያውቅበት ሽታና ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቀለም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

የሲያትልና የኪንግ ካውንቲ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ጥፋቶችን በሁለት ቀለም ይለያቸዋል። ቀዩ ሰውን በቀጥታ ለሕመም የሚዳርገው ነው፤ ያልታጠበ እጅ፣ ያልቀዘቀዘ ሥጋ፣ ጥሬው ከበሰለው ጋር መነካካቱ። ሰማያዊው የጥገናና የአያያዝ ጉዳይ ነው፤ የተሰነጠቀ ወለል፣ አቧራ የያዘ መደርደሪያ። ቀዩ ነጥብ 90 ከደረሰ ምግብ ቤቱ እዚያው ይዘጋል። የተላጠ ግድግዳ ማንንም በተቅማጥ አይጥልም፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ማጀትም ገዳይ ምግብ ሊያወጣ ይችላል። ተቆጣጣሪ ሁለቱን ለይቶ ካላየ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው።

ቀዩ ቀለም ከሁሉ የሚከብደው ወደ ክትፎ ሲመጣ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት እ.ኤ.አ. ወደ 1993 መመለስ ይገባል። በዚያ ዓመት ጥር ወር የሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸው፣ ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ የመጣ ልጆች በዛ ብለው ሲመጡባቸው ደነገጡ። ፍለጋው ወደ አንድ የሃምበርገር ሰንሰለት፣ ወደ ጃክ ኢን ዘ ቦክስ አመራ። ጥፋተኛው ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በ4 ክፍለ ግዛቶች ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 4 ልጆች ሞቱ። ሐኪሞቹና የጤና መሥሪያ ቤቱ ቶሎ የነቁት በአጋጣሚ አይደለም። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ይህ ባክቴሪያ በተገኘ ቁጥር ሪፖርት እንዲደረግ ከ1987 ጀምሮ ታስገድድ ነበር፤ ይህን በማድረግም ከሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ቀድማ ነበር።

ከዚያ መቅሠፍት ውስጥ አንድ ዝርዝር ነገር ለቁጥጥር ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። የዋሽንግተን ደንብ የተፈጨ ሥጋ እስከ 68 ዲግሪ እንዲበስል ያዝዝ ነበር። ኩባንያው ግን ያበስል የነበረው በፌዴራሉ ዝቅተኛ መጠን፣ በ60 ዲግሪ ነው። የክፍለ ግዛቱ ደንብ ትክክል ነበር፤ ምድጃው ላይ ግን አልደረሰም። የስምንት ዲግሪ ልዩነት ባይኖር ኖሮ እነዚያ ልጆች ምናልባት ዛሬ ጎልማሶች ይሆኑ ነበር።

ሥጋው መፈጨቱ ለምን ነገሩን ያከብደዋል? ኢ. ኮላይ ኦ157 በከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከብቱን ግን አያሳምመውም። ሲታረድና ሲገፈፍ ከፈርስ ወይም ከቆዳ ወደ ሥጋው ላይ ሊነካካ ይችላል። ሥጋው ሙሉ ብልት እንደሆነ ከቆየ ባክቴሪያው ላዩ ላይ ይቀራል፤ የተጠበሰ ስቴክ መሃሉ ቀይ ሆኖ ቢበላ ብዙ የማያሰጋው ለዚህ ነው። ሥጋው ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ቁርጥና ክትፎ ሁለቱም ጥሬ ቢሆኑም ለተቆጣጣሪ የተለያዩ ምግቦች ናቸው። ከሱቅ ተፈጭቶ የተገዛ ሥጋ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ አንድ ጥቅል ውስጥ የብዙ ከብቶች ሥጋ ሊቀላቀል ስለሚችል የአንዱ ጉድፍ ለሁሉም ይተርፋል። ቀዩን ሥጋ ከታመነ ቦታ በሙሉ ብልት ገዝቶ፣ ላዩን ገፎ ጥሎ፣ ጅማቱን አውጥቶ፣ በንጹሕ ቢላና በንጹሕ መክተፊያ እዚያው የሚከትፍ ማጀት ከጥንቱ የጉራጌ ክትፎ አሠራር አልራቀም፤ አደጋውንም ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ሚጥሚጣ አይገድለውም፤ ከላዩ የሚጨለጠው አረቄም አይገድለውም፤ ለብለብም ብረት ምጣዱን የነካውን ብቻ ነው የሚያበስለው።

የአሜሪካ ደንብ እንዲህም ሆኖ ክትፎን አልከለከለም። ባለቤቱ በሜኑው ላይ ምግቡ ጥሬ መሆኑን ምልክት አድርጎ መግለጥ፣ ጥሬ ሥጋ የመታመም ዕድልን እንደሚጨምርም መጻፍ አለበት፤ በልጆች ሜኑ ውስጥ ደግሞ ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ፈጽሞ አይገባም። በሐበሻ ሜኑዎች ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚታየው ማስጠንቀቂያ ምንጩ ይህ ነው። አዋቂ ሰው አውቆ ይምረጥ፤ ልጅ ግን ለራሱ መምረጥ አይችልም፤ ኩላሊቱም ከአዋቂ ይልቅ ለዚህ ባክቴሪያ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ልጅን ጥሬ ክትፎ ማጉረስ፣ በፍቅር የሚደረግ ቢሆንም፣ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ደቃቅ ፊደል ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ሲያትል በመከራ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በከተማዋ ባለ አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በልተው በዚሁ ባክቴሪያ ከታመሙት አንዷ፣ በልጅነቷም አንድ ጊዜ ይኸው ባክቴሪያ ይዟት ነበር። ከአልጋዋ ስትነሳ የቤቱን የቁጥጥር ታሪክ ፈልጋ አነበበች። ነጥቦቹ በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ክፍት ነበሩ፤ በሩ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ራት ሊበላ የወጣ ሰው ደግሞ ድረ ገጽ ሳይሆን በር ነው የሚያየው። ነዋሪዋ ውጤቱ በበር ላይ እንዲለጠፍ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። ሎስ አንጀለስ ከ1998፣ ኒው ዮርክ ከ2010 ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል ፊደል በምግብ ቤት በር ላይ ያስለጥፉ ነበር። ኪንግ ካውንቲ በ2017 መጀመሪያ የራሱን ምልክት ሲያወጣ ፊደሉን ትቶ ፊት መረጠ፤ አረንጓዴ ለብሶ በሰፊው ከሚስቀው ጀምሮ «መሻሻል አለበት» እስከሚለው ድረስ አራት ደረጃ። እንግሊዝኛ የማያነብም ያውቀዋል።

ፊቱ የአንድ ቀን ምርመራ ውጤት አይደለም። ያለፉት አራት መደበኛ ጉብኝቶች ቀይ ነጥቦች አማካይ ተወስዶ፣ በዚያው የፖስታ ክልል ካሉ ሌሎች ምግብ ቤቶች ጋር ይነጻጸራል። ከላይ ያለው ግማሽ «እጅግ ጥሩ»፣ ቀጥሎ ያለው 40 በመቶ «ጥሩ»፣ የቀረው 10 በመቶ «ደህና» ይባላል። የመጨረሻው ፊት በቅርቡ ለተዘጉት ወይም ተቆጣጣሪ ደጋግሞ ለተመላለሰባቸው ነው።

ለምን በሰፈር ተነጻጸረ? ተቆጣጣሪዎች ሰው ስለሆኑ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ምሁር ዳንኤል ሆ ከካውንቲው ጋር ያደረገውና በ2017 ያሳተመው ጥናት ይህን በግልጥ አሳይቷል። ተቆጣጣሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ አንድ ማጀት ገቡ፤ ያንኑ ነገር በአንድ ሰዓት እያዩ ሳይነጋገሩ ለየብቻቸው መዘገቡ። ከ100 ጊዜ 60ው ላይ አልተስማሙም። አንዱ ቀይ ነጥብ የሰጠበትን ሌላው በምክር አልፎታል፤ አንዱ ያየውን ሌላው አላየውም።

ይህ ቁጥር ቁጥጥርን ለማጥላላት ሊጠቀስ ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ካውንቲው ጉድለቱ እንዲለካ ማጀቱን መክፈቱ ነው። ባለ ምግብ ቤቱ በቴርሞሜትር እንደሚለካ ሁሉ ተቆጣጣሪውም ተለካ። ጥንድ ሆኖ መሄዱ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ተቀምጦ «ይህን ለምን እንዲህ አልከው?» መባባሉ ፍርዳቸውን አቀራረበው። ቋንቋው የማይመች፣ ምግቡ ለተቆጣጣሪው እንግዳ የሆነ ማጀት ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ የሊጡ ባልዲ ዕጣ በማን እንደመጣ መወሰን የለበትምና።

ሐበሻ ማጀት ውስጥ ከክትፎ የማይተናነስ አደጋ አለ፤ ማንም ስለማይፈራው ብቻ አይወራም። ትልቁ ድስት ነው። ማታ የተሠራ ቀይ ወጥ ሙሉ በሙሉ ፈልቷልና ንጹሕ ነው ተብሎ ተከድኖ ያድራል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በዘር መልክ ፍላቱን ተቋቁሞ ይቆያል፤ ድስቱ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃል፤ ሙቀቱ ሲመቸው በ10 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጋል። ድግስ ላይ በልቶ በማግሥቱ ሆዱን ቆርጦት የዋለ ሰው «ቅቤው ከበደኝ» ይላል እንጂ ድስቱን አይጠረጥርም። ደንቡ ወጡ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጠቅላላ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ያዛል። ዋሽንግተን ውስጥ የሚያስተምሩት ዘዴ ቀላል ነው፤ ወጡን ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሶ፣ ሳይከድኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው ነው።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሰው ማሠልጠን የጀመረችው ገና እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዓመት በፊት ደምቢያ ውስጥ በወባ ወረርሽኝ ሺሕዎች ካለቁ በኋላ የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችን አብሮ አወጣ። ሳኒታሪያኑ የጉድጓዱን ውኃ፣ የመጸዳጃውን ጉድጓድ፣ የልኳንዳ ቤቱንና የጠጅ ቤቱን ንጽሕና እየዞረ የሚያይ፣ የሚያስተምርም ባለሙያ ነበር። ዛሬ የምግብ ቁጥጥሩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመራል፤ የምግብና መጠጥ ቤቶቹን በር የሚያንኳኩት የክልልና የከተማ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ «ከጤና መጡ» ሲባል በችኮላ የሚፈለጉት ነገሮች ይታወቃሉ፤ ነጭ ጋዋን፣ የፀጉር መሸፈኛ፣ የብቃት ማረጋገጫና የሠራተኞች የጤና ምርመራ ካርድ።

ካርዱ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ እምነት የተጣለበት እሱ ነውና። ሠራተኛው በየጊዜው ሰገራውን አስመርምሮ ማኅተም ያስመታል። ማኅተሙ የሚናገረው ግን ስለ ምርመራው ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ ጃርዲያ ወይም አሜባ ቢይዘው ካርዱ ለወራት ጤነኛ ነው ማለቱን ይቀጥላል። ታይፎይድ ሳይታመሙ የሚያስተላልፉ ሰዎችም ባክቴሪያውን በየቀኑ አያወጡትም። ኒው ዮርክ ውስጥ ለሀብታም ቤተሰቦች ወጥ ቤት የነበረችው ሜሪ ማሎን እ.ኤ.አ. በ1907 ስትያዝ ምርመራዋ አንዳንዴ ባክቴሪያውን ያሳይ፣ አንዳንዴ ነጻ ናት ይል ነበር። ዳግም እንዳታበስል ቃል ገብታ ከተለቀቀች በኋላ በ1915 በአንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ማጀት ተገኘች፤ 25 ሰዎች ታመው 2 ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ1989 ባወጣው ሪፖርት የምግብ ሠራተኞችን በየጊዜው መመርመር ወጪውን የሚያካክስ መከላከያ እንዳልሆነ ደምድሟል። ዋሽንግተን ውስጥ የምግብ ሠራተኛ ካርድ አለ፤ የሚገኘው ግን በላቦራቶሪ ሳይሆን በፈተና ነው። አዲስ የተቀጠረ በ14 ቀን ውስጥ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ማቀዝቀዝ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ 10 ዶላር ከፍሎ ይወስደዋል። ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ደግሞ ወደ ሥራ አይገባም። አዲስ አበባም ለሰገራ ምርመራ የምታወጣውን ገንዘብና ጊዜ ወደ እንዲህ ያለ ትምህርት ብታዞረው ብዙ ሕመም ይቀራል።

ያም ሆኖ ተቆጣጣሪው ከቧንቧው በላይ አይሆንም። ሲያትል ውስጥ የምግብ ቤት ውኃ ከተቋረጠ አፋጣኝ አደጋ ነው፤ ሥራው ይቆማል። አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ የሚደርሳት ከተማ ናት። ያንኑ ደንብ እንዳለ ብትወስድ ብዙ ማጀት በሳምንት ግማሹን ቀን ታሽጎ ይውላል፤ አስተናጋጆቹም እንጀራቸውን ያጣሉ። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ተቆጣጣሪ የሮቶው መጠን ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ መቼ እንደታጠበ፣ ውኃ ሲጠፋ እጅ በምን እንደሚታጠብ የሚጠይቅ፣ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ሳያይ የማይወጣ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ሰው ውኃና ሳሙና ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ በሚገባ አይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በዓለም በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች ከምግብ በሚመጣ ሕመም ይታመማሉ፤ 420,000 ይሞታሉ፤ ከነዚህ 137,000ው አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ስለ ምግብ ቁጥጥር ሲነሳ አዲስ አበቤ ቶሎ የሚያነሳው ቅቤ ውስጥ የገባ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ የተቀላቀለ ጄሶ ነው። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ሰውን አውቆ መመረዝ ወንጀል ነው። ብዙውን ሰው የሚያሳምመው ግን ማንም ሳያስብበት የሚገባው ነው። ሰላጣና ቆስጣው የአቃቂ ወንዝን ፍሳሽ ጠጥቶ አድጎ በማለዳ ገበያ ይደርሳል፤ ማጀት የገባ ተቆጣጣሪ ማሳውን አያይም፤ ማየት የሚችለው አታክልቱ በምን ውኃ እንደታጠበና በክሎሪን መነከሩን ነው።

ወተቱ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካለው የወተት አካባቢ 110 ናሙና ተወስዶ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን አገኘ፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው አልፏል። መርዙን የሚያወጣው ሻጋታ ነው፤ ላሟ የበላችው የኑግ ፋጉሎ ላይ ያድጋል፤ ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ ይህን ወተት የሚያፈላው ካፌ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ ጋዋኑም ካርዱም ቢሟላ ለውጥ የለውም። መለኪያው መድረስ ያለበት ኑጉ እርጥበት ይዞ በተከማቸበት መጋዘንና ፋጉሎው በሚሸጥበት የዘይት መጭመቂያ በር ላይ ነው፤ እዚያ ያለውን ናሙና የሚወስደው ሰው የግብርና ይሁን የጤና ባለሙያ፣ ውጤቱን ለወተት አምራቹና ለከተማው ተቆጣጣሪ እኩል ማሳወቅ ይኖርበታል።